ሰማዩ እየዘነበ ቧንቧው ለምን ይደርቃል? የአዲስ አበባ ውሃና የአየር ንብረት ለውጥ ከኮልፌ ቀራኒዮ አንጻር

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ከፍታማ መንደሮች የሚኖር ሰው በሐምሌና በነሐሴ አንድ እንቆቅልሽ ያጋጥመዋል። ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሲደበድብ ያድራል፤ ወደ ትንሹ አቃቂ የሚወርዱት ጅረቶች ከአፍ እስከ ገደፋቸው ይሞላሉ፤ በየመንገዱ ዳር ጎርፍ ይወርዳል። በግቢው ያለው ቧንቧ ግን ሲከፈት አየር ተንፍሶ ዝም ይላል። የቤቱ እመቤት ፈረቃዋን ጠብቃ፣ ምናልባትም ከእንቅልፏ ተነሥታ፣ ጀሪካኗን ትሞላለች። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው የአበው አባባል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የሚያገኝ አይመስለንም።

ይህ እንቆቅልሽ ቀላል ምላሽ የለውም። ውስጡ የሰማይ ፊዚክስ፣ የአፈር ኬሚስትሪ፣ የመሬት አቀማመጥ፣ የኤሌክትሪክ ኃይልና የከተማ አስተዳደር አሉበት። የአየር ንብረት ለውጥ ደግሞ እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ እየነካካ ነው። በዚህ ጽሑፍ የአዲስ አበባ ውሃ ከየት እንደሚመጣ፣ ሙቀቱና ዝናቡ ሲለወጡ ምን እንደሚሆን፣ ከተማዋም ለውጡን ለመቋቋም ምን እያደረገች እንደሆነና ምን እንደሚቀራት እንዳስሳለን። ምሳሌያችንን በተቻለ መጠን ከምዕራባዊው የከተማዋ ክፍል እንወስዳለን።

ውሃው ከየት ይመጣል?

አዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ያየችው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ያኔ ከእንጦጦ ግርጌ የሚፈልቁ ምንጮች በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ እንዲወርዱ ተደረገ። ከተማዋ ስትሰፋ ምንጮቹ አልበቁም፤ ዓይኖች ወደ ምዕራብ ዞሩ። ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚታየው የገፈርሳ ግድብ ከሰማንያ ዓመታት ገደማ በፊት ጀምሮ ከተማዋን ሲያጠጣ ኖሯል። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ተስፋፍቷል፤ በ1960ዎቹ ደግሞ ከእርሱ በላይ ሌላ ግድብ ታክሎለታል። የማጣሪያ ጣቢያው አቅም በቀን 30,000 ሜትር ኩብ ነው። ይህ ውሃ ወደ ኮልፌና ወደ ሌሎች ምዕራባዊ ሰፈሮች ይወርዳል።

ቀጥሎ የመጣው በምሥራቅ በኩል እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው የለገዳዲ ግድብ ሲሆን፣ በ1999 የድሬ ግድብ ታክሎበታል። የድሬ ውሃ የሚጣራው በለገዳዲ ጣቢያ ነው። የጣቢያው አቅም በተለያየ ጊዜ አድጎ በቀን 195,000 ሜትር ኩብ ደርሷል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ግን የከተማዋ ዋነኛ መስፋፊያ ጥልቅ ጉድጓድ ሆነ። በደቡብ የአቃቂ፣ በምሥራቅ ደግሞ የለገዳዲ የጉድጓድ መስኮች ተቆፈሩ። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው ምዕራፍ የለገዳዲ የከርሰ ምድር ውሃ ፕሮጀክት ብቻውን በቀን 86,000 ሜትር ኩብ እንዲሰጥ የታቀደ ነው። ዛሬ ከከተማዋ ውሃ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከምድር ሆድ የሚወጣ ነው። ያም ሆኖ ፍላጎቱ ከአቅርቦቱ በእጅጉ ስለሚበልጥ የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ውሃውን በፈረቃ ለማከፋፈል ተገድዷል።

እዚህ ላይ የእንቆቅልሻችን የመጀመሪያ ፍንጭ ይገኛል። ወደ ቤታችን የሚደርሰውን የውሃ መጠን በዕለቱ የሚወስነው የዘነበው ዝናብ አይደለም፤ የማጣሪያው፣ የፓምፑና የቧንቧው አቅም ነው። ገፈርሳ ሞልቶ ቢፈስ እንኳን ጣቢያው በቀን ከ30,000 ሜትር ኩብ በላይ አጣርቶ መስጠት አይችልም።

የአንድ ግድብ ሒሳብ

ግድብ የቁጠባ ሒሳብ ነው። ክረምት ያስገባል፣ በጋ ያወጣል። የገፈርሳን ሒሳብ አብረን እንሥራው። የግድቦቹ የመያዝ አቅም በጥቅሉ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይገመታል። ጣቢያው በየቀኑ 30,000 ሜትር ኩብ ቢወስድና ምንም አዲስ ውሃ ባይገባ፣ የተጠራቀመው ከ200 እስከ 233 ቀናት ያገለግላል። ከጥቅምት መባቻ እስከ ግንቦት መጨረሻ ያለው ጊዜ ግን 240 ቀናት ነው። በሌላ አነጋገር ገፈርሳ በሙሉ አቅሙ እየሠራ በጋውን ለመሻገር የበልግ ዝናብና ከተራራው የሚንጠባጠበው የምንጭ ውሃ ያስፈልጉታል። የለገዳዲና የድሬ ግድቦች ሲገነቡ በነበራቸው ስፋት በጥቅሉ 60 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ስለሚይዙ ከ300 ቀናት በላይ ይቆያሉ። ስለዚህ በበልግ መዛባት ቀድሞ የሚጎዳው ትንሹ የምዕራብ ግድብ ነው።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ ሁለት የማይታዩ ወጪዎች አሉ። አንደኛው ትነት ነው። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ካለው የውሃ ገጽ ላይ በዓመት የአንድ ሜትር ከፍታ ያህል ውሃ ቢተን፣ አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ወደ አየር ሄደ ማለት ነው። ይህም የገፈርሳን ጣቢያ ለ33 ቀናት የሚያሠራ ውሃ ነው። አየሩ በሞቀ ቁጥር ይህ ወጪ ይጨምራል። ሁለተኛው ደለል ነው። ክረምት ውሃ ብቻ ሳይሆን አፈርም ያመጣል። አፈሩ በግድቡ ወለል ላይ ሲተኛ የውሃውን ቦታ ይወስዳል። ትነት የዓመቱን ገቢ ይቀንሳል፤ ደለል ግን ራሱን ካዝናውን ያጠበዋል።

የተለወጠው ሰማይ

በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል። ከዚህም ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። ከዓለም አማካይ አንጻር ይህ ድርቅ ያለበት ከተማ የሚያሰኝ መጠን አይደለም። ችግሩ ዝናቡ በወራት መካከል እኩል አለመከፋፈሉ ነው፤ የአየር ንብረት ለውጥም የሚያባብሰው ይህንኑ ነው።

የብሔራዊ ሜትሮሎጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሰነድ የአገሪቱ አማካይ ዝቅተኛ ሙቀት በየአሥር ዓመቱ 0.37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲጨምር እንደቆየ ገልጿል። ሙቀት ሲጨምር አየር የሚሸከመው የውሃ ተን ይጨምራል። በቴርሞዳይናሚክስ ሕግ መሠረት ለእያንዳንዱ የአንድ ዲግሪ ጭማሪ አየር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ ተን መያዝ ይችላል። ይህ ለዝናብ ምን ማለት ነው? ብዙ ተን መያዝ የሚችል አየር ከምድር እርጥበትን አብዝቶ ይስባል፤ ሲያዘንብም በአንድ ጊዜ በኃይል ያወርደዋል። ስለዚህ ዓመታዊው ድምር ብዙም ሳይለወጥ እንኳን ዝናቡ በጥቂት ቀናት ተጠቃሎ ሊወርድ፣ በቀናቱም መካከል ያለው ደረቅ ጊዜ ሊረዝም ይችላል።

በዚህ ላይ ከሩቅ ውቅያኖስ የሚመጣ ተጽዕኖ አለ። የፓሲፊክ ውቅያኖስ ገጽ ከወትሮው ሲሞቅ የሚከሠተው ኤል ኒኞ ብዙ ጊዜ የኢትዮጵያን ደጋ ክረምት ያዳክማል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታየው ብርቱ ኤል ኒኞ በአገራችን ሚሊዮኖችን ለዕርዳታ የዳረገ ድርቅ አስከትሏል። የወደፊቱ የክረምት ዝናብ ድምር ይጨምር እንደሆነ ወይም ይቀንስ የሒሳብ ሞዴሎች ሙሉ በሙሉ አይስማሙም። ሙቀቱና ትነቱ እንደሚጨምሩ፣ ከባድ ዝናብም እንደሚበረታ ግን ይስማማሉ። ለውሃ ባለሙያ ይህ ከባድ ፈተና ነው። የትናንቱን መዝገብ አይቶ የነገውን ግድብ የሚለካበት የቀድሞ ዘዴ ከእንግዲህ ብቻውን አያስተማምንም።

ዝናብ ሲበዛ ማጣሪያው ለምን ይቸገራል?

አሁን ወደ እንቆቅልሹ እንመለስ። ኃይለኛ ዝናብ የተራቆተ ማሳ ሲመታ አፈሩን ይፈነቅላል። በተለይ የሸዋ ጥቁር መረሬ አፈር እጅግ ደቃቅ የሸክላ ቅንጣቶች አሉት። እነዚህ ቅንጣቶች ከመድቀቃቸው የተነሣ በራሳቸው ክብደት ቶሎ አይዘቅጡም። ከዚህም በላይ ገጻቸው አሉታዊ ኤሌክትሪካዊ ሙል ስላለው እርስ በርሳቸው እየተገፋፉ በውሃው ውስጥ ተንሳፈው ይቀራሉ። የደፈረሰ ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ ያስቀመጠ ሰው ከብዙ ሰዓት በኋላም ቡናማ መልኩን እንደማይለቅ አስተውሎ ይሆናል።

ማጣሪያ ጣቢያው ይህንን ለመፍታት አሉሚኒየም ሰልፌት ይጨምራል። አዎንታዊ ሙል ያላቸው የአሉሚኒየም ውህዶች የቅንጣቶቹን ሙል ያከሽፋሉ፤ ቅንጣቶቹም ተጣብቀው እንደ ጥጥ ፍንጣሪ ትልልቅ ክምችት ይሆኑና ይዘቅጣሉ። የቀረው በአሸዋ ይጣራል፤ በመጨረሻም ክሎሪን ይጨመርበታል። ውሃው ሲደፈርስ ግን ኬሚካሉ በብዛት ያስፈልጋል፤ ዝቃጩ ይበዛል፤ የአሸዋው ማጣሪያ ቶሎ ቶሎ ይዘጋና መታጠብ ይኖርበታል። ለእጥበቱ የሚውለውም የተጣራ ውሃ ነው። በዚህ ምክንያት ግድቡ በሞላበት ወቅት የጣቢያው ምርት ሊቀንስ ይችላል። በዚያው ወቅት መብረቅና ማዕበል የኤሌክትሪክ መስመር ያቋርጣሉ፤ ጎርፍና የመሬት መሸርሸር ቧንቧ ይሰብራሉ። ስለዚህ የክረምቱ ጥማት ከዝናቡ ጋር የሚጻረር አይደለም። በከፊል ዝናቡ ራሱ ያመጣው ነው።

በበጋ ደግሞ ሌላ ችግር ይተካል። ሙቀቱ ሲጨምርና ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያ በግድቡ ሲጠራቀም ሰማያዊ አረንጓዴ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። በለገዳዲ ግድብ የእነዚህ ባክቴሪያዎች መራባት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተጠንቷል። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ። ስለሆነም የአየር ንብረት ለውጥ የውሃውን ብዛት ብቻ ሳይሆን ጥራቱንም ይነካል፤ የውሃ ቤተ ሙከራ ባለሙያም ከግድብ መሐንዲስ እኩል አስፈላጊ ይሆናል።

ወደ ምድር ሆድ መውረድ

የከተማዋ ትልቁ የማጣጣሚያ እርምጃ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከእሳተ ገሞራ በተፈጠሩት የአቃቂ ዐለቶች ስንጥቆችና ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ውሃ አይተንም፤ በደለል አይሞላም፤ የአንድ ዓመት ድርቅም ወዲያውኑ አያደርቀውም። ግድብ ለመሥራት ዓመታት ሲፈጅ ጉድጓድ ቶሎ ይቆፈራል። በሱሉልታ አካባቢ የታሰበው የገርቢ ግድብ ለብዙ ዓመታት በዕቅድ መቆየቱ የግድብ ሥራ ከቴክኒክ በላይ የመሬትና የሰዎች ጉዳይ መሆኑን ያሳያል።

ይሁን እንጂ ጉድጓድም ሒሳብ ነው። የሚሞላው ከዝናብ ወደ ምድር በሚሰርገው ውሃ ሲሆን፣ ከሚሰርገው በላይ ሲቀዳ የውሃው ደረጃ ይወርዳል። ፓምፑ ወደ ጥልቅ መውረድ ይኖርበታል፤ የኤሌክትሪክ ወጪውም ይጨምራል። ዝናቡ ይበልጥ ኃይለኛና አጭር ሲሆን ደግሞ ውሃው ለመስረግ ጊዜ ስለማያገኝ በጎርፍ መልክ ያልፋል። ከተማዋ በአስፋልትና በሲሚንቶ ስትሸፈን ችግሩ ይብሳል።

የጥራት ጉዳይም አለ። ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከፍሳሽ የሚሰርግ ናይትሬት የከተማዋን ምንጮችና ጥልቀት የሌላቸውን ጉድጓዶች ሲበክል ቆይቷል። በኮልፌ ቀራኒዮ ክልል የሚገኘው፣ በተለምዶ ቆሼ የሚባለው የረጲ ቆሻሻ ማከማቻ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎችን ሲቀጥፍ የአገሪቱን ልብ ሰብሯል። ከዚያ ሐዘን ባሻገር የዚህ ዓይነት ክምር በዝናብ ሲታጠብ የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ወንዝና ወደ ምድር እንደሚሄድ ልብ ሊባል ይገባል። ትንሹ አቃቂ የሚሰበስበውን ሁሉ ይዞ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። ነገ ልንጠጣው የምንችለውን የከርሰ ምድር ውሃ ዛሬ መበከል የመጠባበቂያ እህልን በራስ እጅ እንደ ማቃጠል ነው።

ሽቅብ የሚወጣ ውሃ

የኮልፌ ቀራኒዮ ልዩ ችግር ከፍታ ነው። የአዲስ አበባ ምድር ከእንጦጦና ከምዕራቡ ተረተር ወደ አቃቂ እየወረደ ይሄዳል። የአቃቂ ጉድጓዶች ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆኑ፣ በምዕራብ ከፍ ያሉት ሰፈሮች እስከ 2,500 ሜትር ይጠጋሉ። ገፈርሳ ከእነዚህም ከፍ ስለሚል ውሃው በአመዛኙ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ይህ የአሮጌው ግድብ ትልቅ ጸጋ ነው።

ይህን ጸጋ በቁጥር እንመዝነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። እርሱን 400 ሜትር ሽቅብ ለማንሣት 3.9 ሚሊዮን ጁል፣ ማለትም 1.1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። ፓምፕና ሞተር ከሚወስዱት ኃይል 65 በመቶ ያህሉን ብቻ በሥራ ላይ ቢያውሉ ወጪው ወደ 1.7 ኪሎዋት ሰዓት ያድጋል። ውሃውን ከጉድጓዱ ውስጥ ለማውጣት የሚያስፈልገው በዚህ ላይ ይታከላል። የገፈርሳን የቀን ምርት የሚያህል ውሃ ከዝቅተኛው የከተማዋ ክፍል ወደ ምዕራቡ ከፍታ ለማንሣት ቢታሰብ በየቀኑ ከ50,000 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያስፈልጋል።

ስውሩ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ብርቱ ድርቅ ቢመጣ ግድቦቹ ይጎድላሉ፤ ከተማዋ ፊቷን ወደ ጉድጓድ ትመልሳለች፤ ጉድጓዶቹ የሚፈልጉት ኤሌክትሪክ ግን ራሱ በድርቅ የተነካ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ መተማመኛዎች በአንድ ሰማይ ሥር ናቸው። መድኃኒቱ በከፍታ ቦታ በቂ የማጠራቀሚያ ጋኖች መሥራት፣ ኃይል በሚገኝበት ሰዓት ሞልቶ ማቆየት፣ ለፓምፕ ጣቢያዎችም መጠባበቂያ ጄኔሬተርና የፀሐይ ኃይል ማዘጋጀት ነው። በኮረብታ ላይ የተጠራቀመ ውሃ የተጠራቀመ ጉልበትም ጭምር ነውና።

በመንገድ የሚቀረው ውሃ

ተጣርቶ ወደ መስመር ከሚገባው የአዲስ አበባ ውሃ ከሦስት አንድ እጅ በላይ የሚሆነው ሒሳብ ሳይከፈልበት ይጠፋል። ከፊሉ በአሮጌ ቧንቧ ይፈሳል፤ ከፊሉ በሕገ ወጥ ቅጥያ ይወሰዳል፤ ከፊሉን ያረጀ ቆጣሪ አያነበውም። በሰው ቁጥር እንየው። 30,000 ሜትር ኩብ ከሚሰጥ ጣቢያ ሲሶው ቢጠፋ በቀን 10,000 ሜትር ኩብ ሄደ። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብንመድብ ይህ ውሃ ለ200,000 ሰዎች ይበቃ ነበር።

ፍሳሽን ለመቀነስ ቧንቧ ሁሉ ተቆፍሮ እስኪለወጥ መጠበቅ አያስፈልግም። ከጠንካራ ቧንቧ ቀዳዳ የሚወጣው ውሃ ከግፊቱ ካሬ ሥር ጋር ይመጣጠናል፤ ግፊቱ በግማሽ ቢቀንስ ፍሳሹ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በፕላስቲክ ቧንቧ ቅናሹ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። እንደ ኮልፌ ባለ ወጣ ገባ ምድር በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሰፈሮች ግፊት እጅግ ይለያያል። ሸለቆው ውስጥ ያለው ቧንቧ በግፊት ብዛት ሲፈነዳ፣ ኮረብታው ላይ ያለው ውሃ አይደርሰውም። መስመሩን በከፍታ ደረጃ ከፋፍሎ ለየራሱ መለኪያና የግፊት መቀነሻ መግጠም የሸለቆውን ብክነት ወደ ኮረብታው ጥማት ማስታገሻ ይለውጠዋል።

ፈረቃም የራሱ ጉዳት አለው። ቧንቧ ባዶ ሲሆን ውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው ያነሰ ይሆናል። ያኔ ውሃ ያፈስ የነበረው ቀዳዳ አቅጣጫውን ለውጦ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ውሃ ይስባል። ፈረቃው ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ የሚደፈርሰው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። አንባብያን ይህን የመጀመሪያ ውሃ ለመጠጥ ባያውሉት እንመክራለን።

ከግድቡ በላይ ያለው መሬት

የገፈርሳ ውሃ ገና በቧንቧ ሳይገባ የሚወሰንበት ቦታ ከግድቡ በላይ ያለው ተዳፋት ነው። በሣርና በአገር በቀል ዛፍ የተሸፈነ ተዳፋት ዝናቡን ይቀበላል፣ ያሰርጋል፣ በበጋም በምንጭ መልክ ቀስ እያለ ይለቀዋል። የተራቆተ ተዳፋት ግን ውሃውን ከነአፈሩ በአንድ ጊዜ ይልከዋል። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ ችግር አድኗታል፤ ውለታው አይካድም። ሆኖም ውሃ በብዛት ይጠጣል፤ ሥሩ ያለው መሬትም ሣር የለሽ ሲሆን ለሽርሸራ ይጋለጣል። በግድቦች ዙሪያ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና የመሳሰሉትን መመለስ፣ ቦረቦሩን መደገን፣ በማሳ ላይ እርከን መሥራት ለደለል ፍቱን መድኃኒት ነው። በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን የዚህ ምድር ተፈጥሯዊ ልብስ ምን ይመስል እንደነበር ዛሬም ይመሰክራል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ለዚህ ዕድል ከፍቷል፤ ጥቅሙ የሚለካው ግን በተተከለው ሳይሆን በጸደቀው ችግኝ ነው።

እዚህ ላይ ከሳይንስ የሚከብድ ጉዳይ አለ። ገፈርሳም ለገዳዲም ከአዲስ አበባ አስተዳደር ወሰን ውጭ፣ በኦሮሚያ ክልል በ2015 ዓ.ም. በተዋቀረው የሸገር ከተማ አካባቢ ይገኛሉ። ውሃው የአስተዳደር ወሰን አያውቅም። የላይኛው ገበሬ ማሳውን በእርከን ሲጠብቅ ጥቅሙ ከታች ላለው የኮልፌ ነዋሪ ነው። ድካሙን ማን ይካሰው? ግድቡን እያየ እርሱ ራሱ ንጹሕ ውሃ ከሌለው ደግሞ ተፋሰሱን እንዲጠብቅ መጠየቅ ፍትሐዊ አይሆንም። ከውሃ ታሪፍ ላይ የተወሰነ ድርሻ ለላይኛው ተፋሰስ ጥበቃና ለዚያው ነዋሪ የውሃ አገልግሎት ቢውል፣ ሁለቱም ወገኖች የጋራ ሀብታቸውን የሚጠብቁበት ምክንያት ይኖራቸዋል ብለን እናምናለን።

ከሌሎች ከተሞች የምንማረው

የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ከተከታታይ የድርቅ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 ቧንቧዎችን የምትዘጋበትን «ዜሮ ቀን» እስከ መቁጠር ደርሳ ነበር። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ገደብ ተጣለ፤ ግፊት ተቀነሰ፤ የግድቦቹ ደረጃ በየሳምንቱ ለሕዝብ ተገለጸ። የከተማዋ ፍጆታ ከድርቁ በፊት ከነበረው ከግማሽ በታች ወርዶ ቀኑ ሳይደርስ ዝናብ መጣ። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ሕዝብ እውነተኛውን ቁጥር ሲያውቅ እንደሚተባበር ነው። እኛ ዘንድ ብዙው ነዋሪ ከ50 ሊትር በታች እንደሚጠቀም ግን መዘንጋት የለበትም፤ ቁጠባ የሚሰበከው ውሃ ለተረፈው እንጂ ለጠማው አይደለም።

የናሚቢያዋ ዊንድሁክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ፍሳሿን አጣርታ ወደ መጠጥ ውሃ መስመር ትመልሳለች። አዲስ አበባ እዚያ ለመድረስ ረጅም መንገድ ይቀራታል። ሆኖም የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ከነበረው ጥንታዊ አቅሙ ወደ 100,000 አድጓል። እንዲህ ዓይነቱ የተጣራ ውሃ ለግንባታ፣ ለአትክልት ሥፍራዎችና ለፋብሪካ ቢውል የዚያኑ ያህል የመጠጥ ውሃ ይተርፋል።

ከጣሪያችን በላይ ያለው ግድብ

ከሁሉ ቅርብ የሆነው ምንጭ ጣሪያችን ነው። 50 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድና 80 በመቶው ቢሰበሰብ 44 ሜትር ኩብ ይገኛል። ችግሩ ማጠራቀሚያው ነው፤ ዝናቡ በአብዛኛው በአራት ወር ውስጥ ስለሚወርድ አንድ ቤተሰብ ሁሉንም ሊያስቀር አይችልም። ሆኖም 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በ50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሞላል። በክረምቱ ደጋግሞ እየሞላ ለልብስ፣ ለመጸዳጃና ለጽዳት ቢውል፣ ማጣሪያው በደፈረሰ ውሃ በሚጨነቅበት በዚያው ሰሞን ከመስመሩ ላይ ሸክም ያነሣል፤ ጎርፉንም ይቀንሳል። ጣሪያውን የሚያጥበው የመጀመሪያው ዝናብ ይደፋ፤ ለመጠጥ የሚውለውም ይፈላ።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ሰማዩ እየዘነበ ቧንቧው የሚደርቀው በአንድ ምክንያት አይደለም። ትንሽ ግድብ፣ የማይለጠጥ ማጣሪያ፣ የደፈረሰ ወንዝ፣ የሚቋረጥ ኤሌክትሪክ፣ የሚያፈስ መስመርና ከፍ ያለ ምድር ተደማምረው ነው። የአየር ንብረት ለውጥ አዲስ በሽታ ከመፍጠር ይልቅ እነዚህን የቆዩ ሕመሞች ያባብሳል። ጥልቅ ጉድጓዶቹ ለከተማዋ ጊዜ ገዝተውላታል፤ የተገዛው ጊዜ ግን ሌላ ጉድጓድ በመቆፈር ብቻ መባከን የለበትም። የከርሰ ምድሩን ደረጃ ያለማቋረጥ መለካት፣ ፍሳሽን መቀነስ፣ በከፍታዎች ላይ ማጠራቀምና የላይኛውን ተፋሰስ ከላይኛው ሕዝብ ጋር ሆኖ መጠበቅ እኩል ሊታሰብባቸው ይገባል።

ከእነዚህ መካከል የትኛው ይቅደም ብንባል ፍሳሽን መቀነስ እንላለን። በቧንቧው ስንጥቅ የሚጠፋው ውሃ አስቀድሞ ተገድቧል፣ ተጣርቷል፣ ተከፍሎበታል። ለእርሱ ማንም ከመሬቱ አይፈናቀልም፤ የመጪው ክረምት ዝናብም አይጠበቅም። ከአየር ጤና እስከ ወይራ ሰፈር፣ ከቤቴል እስከ ቀራኒዮ ጀሪካን ይዞ ለሚጠብቀው ሰው ከሁሉ ፈጥኖ የሚደርሰው ውሃ ይህ ነው።